ሸክላ የሚያዘው በጠርዙ ነው

ሰውየው ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ የሙዚቃ ሸክላዎቹ ግን አንዳቸውም አልተነኩም። መጀመሪያ ያናደደኝ ይሄ ነው። በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ ሰው የተገደለበት ክፍል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ወንበር ይገለበጣል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ቢያንስ አንድ ብርጭቆ ይሰበራል። እዚህ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው ሸክላ ሁሉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ማጫወቻው ጠፍቷል፣ ክዳኑ ተከድኗል፣ መርፌው ቦታው ገብቷል።

የተመታው ከኋላ ነው፤ ሸክላዎቹ እንዳያዘነብሉ መደርደሪያው ጫፍ ላይ በሚደግፋቸው ከባድ ብረት። ገዳዩ ብረቱን ጠርጎ ወደ ቦታው መልሶታል። ሲጠርግ ግን አንዱን ማዕዘን ስቶታል፤ እዚያ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል።

«አለቃ፣ ይሄ ያለቀ ጉዳይ ነው» አለኝ ሳጅኑ ከበሩ ላይ።

ሳጅኑን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚለው፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ከሚለው ተረት የወጣ ስም ነው። በፊቱ በዚህ ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ጡረታው ስለደረሰ አይከፋውም፤ ወይም ቢከፋውም ዋጥ ያደርገዋል።

«እስቲ ንገረኝ ቶሎ ቶሎ፣ በምን አለቀ?»

«ሟች ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሰፈሩ ባለሸክላው ነው የሚለው። ጃዝ ካለ ሚስትም ልጅም አይታየውም። ጠዋት ከልጁ ጋር ተጣልተው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ሚስትየው ከሥራ ስትመለስ ሬሳ አገኘች። ልጁን መናፈሻው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። አልሮጠም፣ አልተከራከረም። በጠቡ መሀል አንድ ሸክላ እንደሰበረም አምኗል።»

ወጥ ቤት ወሰደኝ። የቆሻሻው ባልዲ ክዳን አለው፤ ክዳኑን ሲያነሣው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ስፈታው የሸክላ ስብርባሪ ነው። ጋዜጣው በአራቱም ማዕዘን ታጥፎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወሽቋል። መሀል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ብጫ ነው፣ የሳክስፎን ሥዕል አለበት።

«የተናደደ ሰው ሰብሮ ሲያበቃ እንዲህ አሳምሮ ይጠቀልላል?» አልኩት።

«ኋላ ጸጽቶት ይሆናል።»

ወደ ሳሎኑ አለፍን። ሚስትየው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ሶፋው ሶፋ አይደለም፤ አልጋ ሆኗል። ትራሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የሕፃን ጡጦ፣ የታጠበ ጨርቅ በየማዕዘኑ። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍል አለው። በአንዱ ባልና ሚስት ይተኛሉ፣ በሌላው ሸክላ። ልጃቸው ከነሚስቱና ከአራስ ልጁ ሳሎን ነው የሚያድረው። ያን ቀን ሚስቱ ሕፃኗን ይዛ እናቷ ቤት ሄዳለች።

«ልጄ አልገደለም» አለችኝ ሴትየዋ። ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ነው የምትሠራው፤ እጇ በሳሙና ብዛት ነጥቷል። «እሱ ትንኝ አይገድልም፣ የኔ እናት።»

እናት ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው።

ከታች ያለችው ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ነበር ያናገረችኝ።

«እህቴ፣ እኔ ይሄን ጃዝ የሚባል ነገር ሳልወድ ነው የተማርኩት። ጣሪያዬ የሱ ወለል ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በላዬ ሲነፋብኝ ኖሯል። ነፍሱን ይማርና።»

«ጠቡን ሰምተሻል?»

«ያልሰማ ማን አለ? ልጁ ‹ሸክላህ ክፍል አለው፣ የልጅ ልጅህ ግን የላትም!› እያለ ይጮሃል። እውነቱን ነው እኮ! ከዚያ በሩን ጓ! አድርጎ ወጣ። ቆየት ብሎ ሙዚቃው ተጀመረ።»

«ልጁ ከወጣ በኋላ?»

«በኋላ ነው እንጂ። ሰው ይግባ ሰው ይውጣ ግን አላውቅም፤ መኪናዬ ሲሄድ ኮቴ አይሰማኝም።» እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች። «ያን ዕለት ግን አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ሰውየው አንድ ሸክላ ከጀመረ እስኪያልቅ መርፌውን አያነሣም። ቤቱ ቢቃጠልም አያነሣም። ያን ዕለት አንዷን ቦታ መልሶ፣ ደግሞ መልሶ፣ ደግሞ መልሶ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆነብኝ። በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ልደበድብ ተነሥቼ ነበር።»

«የትኛዋን ቦታ?»

«ሳክስፎኑ ብቻውን የሚያለቅስባትን። ሚስቱ ልትገባ ትንሽ ሲቀራት ዝም አለ።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደግሞ ሰውየው የሞተው ጠቡ ከተሰማ ብዙም ሳይቆይ ነው ብሎናል። እንግዲህ አንድ ሰው ከሬሳ ጎን ተቀምጦ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ቆይቷል ማለት ነው።

«ልጁ ተመልሶ ገብቶ ነዋ» አለ ቶሎ ቶሎ ደረጃውን ስንወርድ። «አባቱ ገና በሕይወት ያለ አስመስሎ ለመሸፈን ነው ያጫወተው።»

«ለመሸፈን የሚያጫውት ሰው አንድ ቦታ ይደጋግማል?»

«አለቃ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የተባለው። እሱ ግን እስከ ምንጩ ድረስ መሄድ ይደክመዋል።

ልጁ ጣቢያው ውስጥ ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ረጅም ነው፤ ሥራው መብራት መዘርጋት ነው፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር አለ።

«ሸክላውን ማን ሰበረው?»

«እኔ።»

«የጠቀለለውስ?»

«እኔው።»

«ስትወጣ ደረጃው ላይ ማንን አየህ?»

እጁን አየ። «ማንንም።»

«አባትህን ገድለሃል?»

«አልገደልኩም።»

«እንግዲያው ተከራከር! ሰው ያልሠራው ነገር ሲለጠፍበት እንዲህ ዝም ይላል?»

«ምን ልበል? ጠላሁት እንጂ አልገደልኩትም። አንቺ የመሰለሽን ጻፊ።»

ብዙ ዋሾ አይቻለሁ። ዋሾ ራሱን ለማዳን ነው የሚዋሸው። ይሄኛው የሚዋሸው ራሱን ለመቅበር መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ቶሎ ቶሎ ራሱ፣ ለይስሙላ ያህል፣ አንድ ሌላ ተጠርጣሪ ጠቆመኝ። አሮጌ ሸክላ የሚነግድ ሰው በዚያው ሳምንት ከሟቹ ጋር በሩ ላይ ሲጨቃጨቅ ታይቷል። ሱቁ ሄድን። ነጋዴው ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

«ባለሸክላው በሞተበት ቀን የት ነበሩ?»

«ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ፣ አፌን ከፍቼ! አያዩትም?» ጉንጩን አሳየኝ። «ሦስት ሰው ይዞኝ ነው የተነቀለልኝ።»

የጥርስ ሐኪሙም፣ የያዙትም ሰዎች ኋላ መሰከሩለት። ክርክሩም ስለ ስብስቡ ነበር፤ ነጋዴው «ካረጀህ ለእኔ ሽጥልኝ» ይላል፣ ሟቹ ይሳደባል። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል የብጫውን ክብ ወረቀት ፎቶ አሳየሁት።

«ውይ ይቺ!» አለ። «የጡሩምባው ሸክላ ናት።»

«ጡሩምባው ማነው?»

«ሆቴሉ ውስጥ ዓርብ ዓርብ ሳክስፎን የሚነፋው ሽማግሌ። በወጣትነቱ ይቺን አንዲት ሸክላ ብቻ አሳተመ፤ ጥቂት ናት የታተመችው። ባለሸክላው በየጊዜው እየመጣ ከእኔ ይገዛት ነበር። ባገኘሁ ቁጥር ከማንም በፊት ለእሱ ነው የምደውለው።»

«አንድ ሰው አንድ ዓይነት ሸክላ ስንት ጊዜ ይገዛል?»

ነጋዴው ጉንጩን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እኔ ሻጭ ነኝ። የገዛውን ምን እንደሚያደርገው አልጠይቅም። ጡሩምባው ራሱ ግን አንዲትም የለችው። እየመጣ ሲጠይቀኝ አፍር ነበር።»

ሟቹ ቤት ተመልሼ መደርደሪያውን አስፈተሽኩ። የጡሩምባው ሸክላ አንዲት ብቻ ተገኘች። የቀሩት የት ገቡ?

አዛዡ ጠራኝ።

«እስከ ነገ ጠዋት ነው ያለሽ። ጠብ ተሰምቷል፣ ሰብሬአለሁ ብሏል፣ የነበረበትን የሚያስረዳ የለውም። ነገ ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል።»

«ልጁ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ግን ገዳይ አይደለም።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ሆዴ ነግሮኛል።»

«ሆድሽን ፋይል ውስጥ አስገቢልኛ» አለኝና ስልኩን አነሣ።

ኮሪደሩ ላይ እናትየው ለልጇ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ ቆማለች። ስታየኝ እጄን ያዘች።

«ነገ ሊወስዱት ነው አሉኝ። እዚያ ከገባ አይመለስልኝም። አራስ ልጅ አለችው፣ የኔ እናት።»

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይደብቁኝ። ባለቤትዎ ሸክላ ይሰብሩ ነበር?»

እጄን ለቀቀችው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ጋዜጣው ነው የነገረኝ።»

«ገዝቶ ያመጣና የእቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ይሰብራታል። ከዚያ በጋዜጣ ይጠቀልላታል፤ ቆሻሻ የሚወስደው ሰውዬ እጁን እንዳይቆርጠው። አየሽ፣ ለቆሻሻ ወሳጁ ያስባል!» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «አንድ ቀን ‹ምን እያደረግህ ነው?› ብለው ‹በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ስትቀር፣ እሷም የእኔ ስትሆን ያን ጊዜ ይገባሻል› አለኝ። እኔ ምን ይገባኛል? ልብስ አጣቢ ነኝ።»

«ልጅዎ ያውቃል?»

«ያን ቀን ጠዋት አይቶት ይሆናል። እኔ ሥራ ነበርኩ።»

ስለዚህ ሰባሪው አባትየው ነው፤ ልጁ የአባቱን ጥፋት በራሱ ላይ ጭኗል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እከክን ለምኖ የሚወስድ ግን አላየሁም ነበር።

ጡሩምባውን ያገኘሁት ሆቴሉ ለምሳ ከመከፈቱ በፊት ነው። አስተናጋጆቹ ወንበር ያወርዳሉ፤ እሱ ትንሿ መድረክ ላይ ተቀምጦ ሳክስፎኑን በጨርቅ ይወለውላል። ቀጭን ነው፤ ኮቱ ንጹሕ ነው፣ ክርኑ ላይ ግን አልቋል።

«ያቺ ወንበር የሱ ነበረች» አለኝ፣ ፊት ለፊት ያለችውን እያሳየ። «ሰዉ ይበላል፣ ያወራል፣ ስልኩን ያያል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰማኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፣ እህቴ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሐዘኑ የውሸት አልነበረም፤ አንጀቴን በላኝ።

«ጋሼ፣ እሱ የሞተበት ቀን የት ነበሩ?»

«ቤቴ። እለማመድ ነበር።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ሳክስፎን ሲነፋ ሰው ይሸሻል እንጂ መቼ ይመጣል?»

«የራስዎ ሸክላ የለዎትም አሉ።»

«አንዲት ነበረችኝ፤ ሰው ተውሶ በዚያው ቀረ። እሱ ቤት እየሄድኩ ነበር የምሰማት። በሁለት መዳፉ ይዞ ያወጣታል፤ እኔን አያስነካኝም። አክብሮኝ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ነበር?»

«አሁንማ ሞተ አይደል?» አለና ሳክስፎኑን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ያን ሽማግሌ መጠርጠር አስጠላኝ። ወጥቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ለረጅም ጊዜ ሞተሩን አላስነሣሁም።

ከሟቹ ቤት የወሰድኳትን ያቺን አንዲት ሸክላ ይዤ ልጁ ጋ ገባሁ። ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ሳሳየው ፊቱ ይነግረኝ ይሆናል ብዬ ነው። ከሽፋኗ በመሐረብ አውጥቼ እንደ ሰሐን አቀበልኩት።

እሱ ግን እንደ ሰሐን አልተቀበለኝም። ሁለት መዳፉን ከፈተና ጠርዟን ብቻ ያዘ፤ አንድም ጣቱ ፊቷን አልነካም። አቧራዋን እፍ አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ወደ ወረቀቷ መለሳት፤ የወረቀቱን አፍ ወደ ላይ አድርጎ ሽፋኗ ውስጥ ከተታት። ሸክላ የሚጠላ ሰው፣ አባቱን የሚጠላ ሰው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አስተኛት።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ማስመሪያ» አለ። «ልጅ ሆኜ ፊቷን በነካሁ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ ይመታኝ ነበር። አሁን ብፈልግም አልችልም። እጄ እንቢ ይላል።»

ሸክላዋን ነጥቄው፣ ከሽፋኗ መልሼ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረግኳት። በዚያ ጥቁር ፊት ላይ፣ ከጠርዙ ርቆ፣ አንድ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። እኔ እንኳ በመሐረብ ነበር የያዝኳት። የሟቹን ሌሎች ሸክላዎች ኋላ አንድ በአንድ አየናቸው፤ እንደዚያ ያለ አሻራ ያለበት አንድም አልተገኘም።

ልጁም አይቶታል። ፊቱ ተለወጠ።

«የእኔ ነው» አለ በችኮላ። «የእኔ ጣት ነው።»

«አሁን እጄ እንቢ ይላል አላልክም? ልጄ፣ ማንን ነው የምትሸፍነው?»

ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገጠመልኝ። መርፌ ማንሣት ነውር መሆኑን የማያውቅ፤ ሸክላ በጠርዙ እንደሚያዝ ያላስተማሩት፤ ከዚያች ሸክላ ደግሞ አንዲት ቦታ ብቻ የሚፈልግ ሰው። ባለሸክላው ዘንድ የሚመጡት ሁሉ እንደ እሱው ሰብሳቢዎች ናቸው፤ በእንቅልፍ ልባቸውም ጠርዙን ነው የሚይዙት። ሙዚቃውን የሠራው ሰው ግን እንዲህ ሸክላ መያዝ አልተማረም፤ አያስነኩትማ!

ጡሩምባውን አስጠራሁት። ከሟቹ ቤት ካመጣናቸው ሌላ ሸክላ አንሥቼ «እስቲ ጋሼ፣ ይቺን ያውቋታል?» ብዬ አቀበልኩት። አራት ጣቱ ከታች፣ አውራ ጣቱ ከላይ፣ ፊቷ ላይ እፍን አድርጎ ተቀበለኝ። ቶሎ ቶሎ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ማስታወሻውን አወጣ።

ከዚያ የእሱን ሸክላ አውጥቼ ወደ መብራቱ አዘነበልኳት።

ሽማግሌው አሻራውን አየ። የያዛትን ሸክላ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ልጁን አሁኑኑ ልቀቁት» አለ። «እሱን እንደያዛችሁት አላወቅሁም ነበር። ባውቅ በእግሬ እመጣ ነበር።»

አመንኩት። ዛሬም አምነዋለሁ።

«ለምን ሄዱ?»

«ነጋዴው ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል ከመሄዱ በፊት ‹ወዳጅህ ዛሬ ጠዋት አንድ ወሰደ፤ አሁን ሁለት አለው፤ አንዷን ለምነው› አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት፣ እህቴ። ሸሚዝ ቀይሬ ነበር የሄድኩት። ከዚያ... ስብርባሪዋን አየሁ። ‹ምነው?› አልኩት። አልደነገጠም እኮ! መልሶ ጠቀለላት። ‹አንተ ሙዚቀኛ ነህ፣ ስለ ሸክላ አይገባህም› አለኝ። ‹ዋጋ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። በየቤቱ ብትገኝ ኖሮ ማን ይፈልግህ ነበር?› አለኝ። ይሄን ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሸክላዎቹን ያቃና ጀመር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አያችሁት።»

«ለምን ተቀምጠው አዳመጡ? ለምን ያቺን ቦታ ደጋገሟት?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«ዕድሜዬን በሙሉ ሸክላዬ የትም የማይገኘው መጥፎ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ሰው ጠልቶት ነው፣ ገዝቶ ጥሎት ነው ብዬ። ሁለተኛ ለማሳተም ያፈርኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ላጣራ ፈለግሁ። አንዴ ሰማሁት፤ ጆሮዬን አላመንኩም፤ መለስኩት።»

«እና?»

«ጥሩ ነበር» አለና እንባው ወረደ። «በጣም ጥሩ ነበር፣ እህቴ።»

ቶሎ ቶሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ለጃዝ ጆሮ የለኝም፤ ሆኖም የዚያን ጊዜ ሟቹን ራሴ በመታሁት ብዬ ተመኘሁ፤ እንዲህ ማለቴ ለፖሊስ ነውር ነው፣ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። «ስብርባሪዋ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነበረች። እንዴት ሊያዩዋት ቻሉ?»

«አየኋት።»

«ጋሼ፣ ሰው እንግድነት ሄዶ የቆሻሻ ባልዲ ይከፍታል?»

«አየኋት አልኩሽ እኮ!» አለ፤ ያን ቀን ድምፁን ከፍ ያደረገው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ብጠይቀውም ብለምነውም ወይ ፍንክች።

አዛዡ የልጁን መፈቻ ፈረመ። «ሆድሽ ጎበዝ ነው» አለኝ። ቶሎ ቶሎ ደግሞ የልጁን ቀበቶና የጫማ ክር ራሱ አምጥቶ አስረከበው፤ ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ልጁን ወደ በሩ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ጡሩምባው ነው አይደል?»

«ነው።»

«እንዴት እንዳወቀ ነገረሽ?»

«ራሴ አየሁት ነው ያለው።»

ግድግዳውን ተደገፈ። ክሩን ያላሰረበት ጫማው ከእግሩ ሊወልቅ ምንም አልቀረው።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለ። «ስወጣ ደረጃው ላይ አገኘሁት። አንገቱን ደፍቶ በትሕትና ‹አባትህ አለ?› አለኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር። ‹ሸክላህን ልትለምን ነው? ሂድ የቆሻሻውን ባልዲ ክፈተው፣ እዚያ ናት። እስከዛሬም ስታጣት የኖርከው እሱ እየሰበራት ነው› አልኩት። ለሱ አዝኜ አይደለም የነገርኩት። አባቴን የሚያዋርድልኝ ሰው ፈልጌ ነው። እንዲጮህበት፣ እንዲተፋበት ነበር የፈለግሁት። ሞቱን ስሰማ ግን ወዲያው አወቅሁ።»

«እና ዝም ብለህ ልትታሰርለት ነበር?»

«ምን ላድርግ? እሱን ልጠቁም? አፌ ነው የገደለው እኮ።»

«ሕግ በዚህ አይጠይቅህም» አልኩት። እውነት ነው፣ አይጠይቀውም። ለመጽናኛ ግን አንድ ሳንቲም አይሞላም። ሽማግሌው ባልዲውን ማን እንደጠቆመው የሸሸገኝ ለዚህ ልጅ ብሎ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

«እናቴ ትወቅ ትያለሽ?»

«ያንተ ጉዳይ ነው። በእኔ በኩል ዝም አይነቅዝም።»

በሩ ላይ እናቱ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ምራቷን አስከትላ ቆማለች። ልጇን ስታይ ሕፃኗን ለምራቷ አቀበለችና ሮጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ ሮጠች። ፊቱን፣ አንገቱን፣ እጁን እያገላበጠች ሳመችው። «አላልኳችሁም? የልጄ እጅ ንጹሕ ነው አላልኳችሁም?» አለች፤ ለእኔ፣ ለዘበኛው፣ ለመንገደኛው ሁሉ።

«እማዬ፣ ተይ» አለ።

«ምን ተይ ትለኛለህ? ክፍሉ ይለቀቅልሃል። ነጋዴው ነገ ይወስደዋል ሁሉንም። ልጅህ ከእንግዲህ ሳሎን አትተኛም።»

«እማዬ፣ ሸክላው መሰበሩን ለጡሩምባው የነገርኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ። ሆን ብዬ ነው የነገርኩት።»

እጇ ጉንጩ ላይ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ ያልሰማች መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አወረደችና በቀሚሷ ጠረገችው። ባሏ ምንም ይሁን ምን አብራው ያረጀች ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ነው ለእሱ ስታለቅስ ያየኋት፣ ባሏ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ልጁ ሊይዛት እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም፤ አልገፋችውምም። ሕፃኗን ከምራቷ ተቀብላ፣ ጨርቋን አስተካክላ፣ «እንሂድ፣ ብርድ ይመታታል» አለችና ቀድማ መንገድ ጀመረች። ምራቷ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች ተከተለቻት። ልጁ ዞሮ አየኝ፤ ተመልሶ እንዲገባ የምፈቅድለት መስሎት ይሁን እንጃ። እኔም በሩን ዘጋሁት።